የኋላ ወንበር ዝምተኞች... መቼ ነው የምትነሱት?

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ፍቅር አይደለም። ቢሆንም ፍቅር ፍቅር መሽተቱ አይቀርም። አንድን ነገር እየወደዱ፣ በየሳምንቱ አጠገቡ እየሄዱ፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ መመለስ... ይሄ ከፍቅር በምን ይለያል?

ነገሩን ያመጣችው አንዲት የሶዶ ልጅ ናት። ደብዳቤዋን አሳጥሬ እነሆ፦

«በመጀመሪያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ዕድሜዬ 23 ነው። የምኖረው ወላይታ ሶዶ ከተማ ነው። ስሜን እንዳታወጣብኝ አደራ። የምተዳደረው ልብስ ስፌት ቤት ተቀጥሬ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ልጆች ተሰብስበው ስለ መጽሐፍ የሚያወሩበትና ግጥም የሚያነቡበት ቦታ አለ። መሄድ ከጀመርኩ 14 ወር ሆነኝ። በ14 ወር ውስጥ ግን አንድም ቀን አልተናገርኩም። የመጨረሻው ረድፍ፣ በሩ አጠገብ፣ የኔ ቦታ ነው። ከሚመጡት ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። እኔ 12ኛ ክፍል ተፈትኜ ነጥብ አልመጣልኝም። ቤት የምናወራው ወላይትኛ ስለሆነ አማርኛዬን ሲሰሙ ይስቁብኛል ብዬ እፈራለሁ። ደብተሬ ውስጥ ግን 30 የሚሆኑ ግጥሞች አሉኝ።

«ባለፈው አንድ ልጅ ስለ አንዲት የወላይታ እናት የጻፈውን ግጥም አነበበ። እናትየዋ ከጓሮዋ የእንሰት ፍሬ ለቅማ ለልጆቿ ቆጮ ትሠራለች ይላል። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። እኔ ከእናቴ ጋር እንሰት እየፋቅሁ ያደግሁ ነኝ። ቆጮ ከፍሬ አይሠራም! እጄን ላነሳ ብዬ እጄ ድንጋይ ሆነብኝ። ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ቅዳሜ ቀረሁ። እባክህ ምከረኝ፤ ልተወው ወይስ ልናገር?»

ደብዳቤው ይሄው ነው። ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ይመስላል። «ተናገሪያ! ማን ከለከለሽ?» ብሎ መገላገል ይቻላል። ግን እህቴ፣ እኔ እንደዚያ አልልሽም። ምክንያቱም እኔም እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ አውቃለሁ። በርግጥ የኔው ወንበር እንኳ አልነበረውም፤ ቆሜ ነበር!

አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ቼዝ የሚጫወቱ ሰዎች ነበሩ። ከሥራ ስመለስ ጎራ እልና ከጀርባቸው እቆማለሁ። አንድ ዓመት ተኩል ቆምኩ። እያንዳንዱን ሰው ከነአመሉ አውቀው ነበር፤ ማን ንግሥቷን ቶሎ እንደሚያወጣ፣ ማን ሲሸነፍ ስልክ የተደወለለት እንደሚመስል ጭምር። «እኔስ ልጫወት?» ማለት ግን አልቻልኩም። እንደ ደብዳቤዋ ባለቤት እኔም 12ኛ ክፍልን ጨርሼ እዚያው የቆምኩ ነኝ። በረንዳው ላይ ያሉት ደግሞ አንዱ አስተማሪ፣ አንዱ የባንክ ሠራተኛ... ስለዚህ መቆሙ ይሻለኛል እያልኩ ቆምኩ።

ተረቶቻችን ራሳቸው አልተስማሙም

ይሄ ችግር የአንድና የሁለት ሰው አይደለም። በየቦታው አለ። የሙዚቃ ልምምድ ቦታ በር ላይ ቆሞ የሚሰማ አለ። ጠዋት ጠዋት ወደ ዳሞታ ተራራ አቅጣጫ የሚሮጡትን ልጆች ከመስኮት እያየ ሌሊት ሌሊት ጫማውን የሚያስር አለ። ሥዕል ቤት ደጃፍ የሚውል አለ። ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ይወዳል፤ ግን ዝም!

አባቶቻችን በዚህ ጉዳይ ምን አሉ? «ዝም አይነቅዝም» አሉ። ደግሞ ዞር ብለው «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» አሉ። እንግዲህ የትኛውን እንስማ? እኔ ሁለቱም እውነት ናቸው ባይ ነኝ። የመጀመሪያው ለመማሪያው ጊዜ ነው። ሁለተኛው የመማሪያው ጊዜ ካለፈ በኋላ ለሚመጣው ነው።

አንድ ነገር ግን እንተማመን። ዝም ያለ ሁሉ ፈሪ አይደለም። መስማቱ ብቻ የሚበቃው አለ። አዲስ አበባ ራስ ሆቴል «ጦቢያ ግጥምን በጃዝ» ሲጀመር፣ በ2003 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ትኬት ቆርጦ የሚገባው ሕዝብ ሁሉ መድረክ ልውጣ ብሎ አልነበረም። ሰሚ ባይኖር አንባቢው ለማን ሊያነብ ነው? የቤቱን ወግ ለማወቅ ጊዜ የሚወስድም አለ። ይሄ ጨዋነት ነው። ሰው ቤት ገብቶ ሳይቀመጥ የሚያወራ ሰው ማን ይወዳል?

ችግሩ የሚመጣው ዝምታው መብላት ሲጀምር ነው። እህታችን ቤቷ ገብታ ያለቀሰችው ስለ ቆጮ ብቻ መሰላችሁ? አይደለም። የምታውቀውን ይዛ ስለተመለሰች ነው።

ታዲያ ዝምተኛውን ምን ያስነሳዋል?

ብዙዎቻችን «አንድ ቀን ድፍረት ይመጣልኛል» ብለን እንጠብቃለን። ድፍረት ግን እንደ አውቶቡስ ሰዓቱን ጠብቆ አይመጣም። እኔ እንዳየሁት ሰው የሚነሳው በአራት ምክንያት ነው።

አንደኛ፦ ሲጠራ። እኔ ከበረንዳው ሥር የወጣሁት ደፍሬ አይደለም። አንድ ቀን ጋሼ የምላቸው ሰውዬ መሀል ጨዋታ ላይ ስልክ ተደወለላቸው። ዞር ብለው «አንተ ልጅ፣ ቆመህ ቆመህ እግርህ አልደከመም? ና ይህቺን ጨርስልኝ» አሉኝ። ተቀመጥኩ። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ተሸነፍኩ! ያሸነፉትን ጨዋታ ነው ያበላሸሁባቸው። ተመልሰው አዩና ስቀው «ነገ ታሸንፋለህ» አሉኝ። በነጋታው ሳልጠራ ተቀመጥኩ። አያችሁ? አንድ ዓመት ተኩል ያልፈታውን ነገር አንዲት «ና» ፈታችው።

ሁለተኛ፦ የምትሠራ ትንሽ ሥራ ሲያገኝ። ይሄን ከአንቺ በላይ የሚያውቅ የለም፣ እህቴ። ስፌት ቤት ስትገቢ በመጀመሪያው ቀን ኮት ቅደጂ አሉሽ እንዴ? ቁልፍ ትከይ፣ ጠርዝ ቀምቅሚ፣ ተኩሺ ነው የተባልሽው። ጂን ሌቭ የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ምዕራብ አፍሪካ ላይቤሪያ ሄዳ ልብስ ሰፊዎች ዘንድ ሙያ ሲማሩ የሚውሉ ልጆችን አጥንታ ነበር። እዚያም እንደዚሁ ነው። ልጆቹ የሚጀምሩት ካለቀው ልብስ ነው፤ ቁልፍ ይተክላሉ፣ ይተኩሳሉ። መቅደድ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ከኤቲየን ዌንገር ጋር ባሳተመችው መጽሐፍ የተነሳው ቁም ነገር ይሄ ነው፦ ዳር ላይ ያለ ሰው ውጭ አይደለም፤ ዳሩ ራሱ የመግቢያ በር ነው። ቁልፍ የሚተክለው ልጅ ሙያው ውስጥ ገብቷል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ማለት ይሄ አይደል?

መስከረም ላይ ጊፋታ ሲከበር ጨዋታውን ልብ ብላችሁ እዩት። ሰው ሁሉ መሀል ገብቶ ወገቡን አያውረገርግም። ዳር ቆሞ የሚያጨበጭብ አለ፣ የሚቀበል አለ። ጭብጨባው ቢቀር መሀል ያለው ሰው ይቆማል። አጨብጫቢው ታዲያ ተመልካች ነው ወይስ ተጫዋች? ተጫዋች ነው! ትንሽ ቆይቶ ሳያስበው መሀል ራሱን ያገኘዋል። «እንዴት ገባህ?» ብትሉት አያውቀውም።

ሦስተኛ፦ እንደሱው የሆነ ሰው ተሳስቶ ሲያይና ያ ሰው በሕይወት ሲተርፍ። ሁሉም አዋቂ በሆነበት ቤት ጀማሪ አይናገርም። አንዱ ግን ተነስቶ ቃል ቢጠፋው፣ ቢንተባተብ፣ ሰዉም «አይዞህ» ብሎ ቢያጨበጭብለት፣ ከኋላ ያሉት አራት ሰዎች እግራቸውን ማንቀሳቀስ ይጀምራሉ። ኳስ ሜዳ አዲስ ገቢ የማያፍረውም ለዚህ ይመስለኛል። በ2010 ዓ.ም. ወላይታ ድቻ የግብፁን ዛማሌክ በመለያ ምት ከአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ካፕ ሲያሰናብት «አንተ ስለ ኳስ ምን ታውቃለህና ትጮሃለህ?» የተባለ ሰው አለ? የለም! እዚያ ሁሉም እኩል ይሳሳታል፣ እኩል ይጮሃል።

አራተኛ፦ እሱ የሚያውቀው፣ ቤቱ ግን የማያውቀው ነገር ሲመጣ። ይሄ ነው ያንቺ ጉዳይ! እንሰት ሙዝ ስለሚመስል ፈረንጆቹ ሳይቀሩ «የውሸት ሙዝ» ይሉታል። ያ ልጅም ሙዝ መስሎት ፍሬ አስለቀመ። አንቺ ግን ቆጮው የሚገኘው ተፍቆ ከሚወጣውና ከሥሩ ከሚከተከተው መሆኑን፣ ተቀብሮ ተብላልቶ እንደሚደርስ፣ የማን ወገብ እንደሚጎብጥበትና የማን እጅ እንደሚሻክርበት ታውቂያለሽ። በዚያ ቅዳሜ እዚያ ቤት ውስጥ በአንቺ እጅ ብቻ የነበረ ዕውቀት ነው። የዩኒቨርሲቲ መታወቂያ አያስገኘውም። እጅሽ ድንጋይ የሆነው የምትይው ስላልነበረሽ አይደለም፤ የምትይው ስለነበረሽ ነው። ምንም የሌለው ሰው እኮ እጁ አይከብደውም!

«ይስቁብኛል» ስለሚለው ነገር

አሁን ወደ ፍርሃቱ እንምጣ። ቶማስ ጊሎቪች የሚባል የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ምሁር ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተመው አንድ የሚያስቅ ሙከራ አለ። ተማሪዎችን አንድ በአንድ እየጠራ ባሪ ማኒሎው የተባለ ዘፋኝ ፎቶ ያለበት ካናቴራ አለበሳቸው። ዘፋኙ በእነሱ ዕድሜ ዘንድ የፋራ ነገር ነበር አሉ። ከዚያ ሌሎች ተማሪዎች ወደተቀመጡበት ክፍል አስገባቸው። «ስንቱ ሰው ካናቴራህን ያየብህ ይመስልሃል?» ሲባሉ «ግማሽ ያህሉ» አሉ። ሲጣራ ግን ያስተዋለው ሩብ ያህሉ ብቻ ነው! ሰው የሚያየን እኛ የምናስበውን ግማሽ ያህል ነው ማለት ነው። የቀረው ስለ ራሱ ካናቴራ እያሰበ ነው።

ሌላም ልጨምርላችሁ። ሮበርት ዛዮንክ የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው ጥናት በረሮዎችን አሯሯጠ። አዎ፣ በረሮ! ሌሎች በረሮዎች እያዩ ቀጥ ባለው መንገድ ሲሮጡ ፈጠኑ። መንገዱ ጠመዝማዛ ሲሆን ግን ተመልካች ሲኖር ቀርፋፋ ሆኑ። ለእኛ ምን ይጠቅመናል? ተመልካች ሲኖር የለመዱት ነገር ይቀላል፣ ያልለመዱት ይከብዳል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ከባዱን ነገር ይዛችሁ አትነሱ። ቤታችሁ ደጋግማችሁ ያላችሁትን፣ አጭሩን፣ የምታውቁትን ይዛችሁ ተነሱ።

የፈተናውን ነገር በተመለከተ... እህቴ፣ የ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ውጤት ሲወጣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከመቶ ሦስት! እንግዲህ የቀሩት 97ቱ ሁሉ አፋቸውን ዘግተው በር አጠገብ ይቀመጡ ልንል ነው? አገር ዝም አለች ማለት ነው። ፈተና የሚለካው የጠየቀውን ብቻ ነው። ስለ እንሰት አልጠየቀሽም።

አማርኛሽን በሚመለከት ደግሞ፣ ወላይትኛ በአማርኛሽ ውስጥ መሰማቱ ጉድለት አይደለም። ሶዶ ነሽ! ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሶዶ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መንግሥት መቀመጫ ከሆኑት ከተሞች አንዷ ናት። ከየአካባቢው የመጣ ሰው የየራሱን አማርኛ ይዞ ነው የሚመጣው። የሚስቅ ሰው ቢኖር እንኳ አንድ ቀን ይስቃል፣ ሁለት ቀን ይስቃል፤ በሦስተኛው ግጥሙን መስማት ይጀምራል።

የፊታችን ቅዳሜ ምን ታደርጊ?

ምክር ብለሽ ጠይቀሽኛልና እቅጩን ልንገርሽ። አትተዪው። ግን ቅዳሜ ተነስተሽ «ተሳስተሃል!» ብለሽ አትጩሂ። ሰው በተሰበሰበበት ማሳፈር የሚያስገባሽ በር አይደለም። እንዲህ አድርጊ፦

በመጀመሪያ ያንን ልጅ ከስብሰባው በኋላ ለብቻው አግኚው። «ግጥምህን ወድጄዋለሁ፣ አንዲት ነገር ልንገርህ?» በዪው። እውነተኛ ጸሐፊ ከሆነ ያመሰግንሻል፤ ምናልባት «ነይና አብረን እናስተካክለው» ይልሻል። ካኮረፈም ግድ የለም፣ አንቺ ድምፅሽን ሰምተሻል። ያንን በር የከፈትሽው አንድ ሰው ፊት ነው፤ ከ50 ሰው ፊት ይቀላል።

ሁለተኛ፣ ትንሽ ሥራ ያዢ። ወንበር ደርድሪ፣ የሚነበቡትን ሰዎች ስም መዝግቢ፣ መጽሐፍ ሲዞር ያዥ ሁኚ። ሥራ ያለው ሰው «እዚህ ምን አመጣኝ?» አይልም። ሰውም በስምሽ ይጠራሻል። በስሙ የተጠራ ሰው ደግሞ እንግዳ መሆኑ ያበቃል።

ሦስተኛ፣ ከኋላ ወንበር ወደ መሀል አንድ ረድፍ ተጠጊ። አንድ ብቻ። በሩ ቅርብ ሲሆን እግር ሁልጊዜ በሩን ያስባል።

አራተኛ፣ መጀመሪያ የራስሽን ሳይሆን የሌላ ሰው ግጥም አንብቢ። ከዚያ በሌላ ቅዳሜ የራስሽን። ስለምን እንደሆነ ደግሞ እኔ አልነግርሽም... አንቺ ታውቂዋለሽ። ስለ ፍቀቱ፣ ስለ እናትሽ እጅ። ከፈለግሽ በወላይትኛ ጀምሪውና በአማርኛ ጨርሺው።

ለመሀል ተቀማጮችም አንድ ቃል

እናንተ ደግሞ የየክበቡ አስተባባሪዎች፣ የየቡድኑ ነባሮች፣ ጆሮ አላችሁ? «በራችን ለሁሉም ክፍት ነው» ትላላችሁ። ክፍት በር ብቻውን ሰው አይጋብዝም። ግቡ የሚል ሰው ያስፈልገዋል።

የድሮዎቹ ከእናንተ ሳይሻሉ አልቀሩም። ስለ አገራችን የጥንት ሰንጠረዥ ጨዋታ ታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት ሰፋ አድርገው ጽፈዋል። የጨዋታው መጀመሪያ «ወረራ» ይባላል፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ እንዳሻቸው ያንቀሳቅሳሉ። ከሁሉ የሚገርመው ግን ተመልካቹ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጡ የውጭ አገር ሰዎች እንዳዩት፣ በመሳፍንቱ ሰንጠረዥ ዙሪያ የቆመው ሰው ዝም አይልም ነበር። «ይህን አንሳ! ያንን ግፋ!» እያለ ይመክራል። መኳንንት ሲጫወቱ እንኳ ተመልካች ሐሳብ ነበረው! እኛ ዛሬ ሱቅ በረንዳ ላይ «ተመልካች ዝም ይበል» እንላለን።

እንግዲህ ይሄን አድርጉ፦ በየሳምንቱ አንድ የኋላ ወንበር ሰው ስሙን ጠይቁ። መድረክ ላይ ጎትታችሁ አታውጡት፣ ያ ሰው ሁለተኛ አይመጣም። ትንሽ ሥራ ስጡት። ነባሩ ሰው ሲሳሳት ደግሞ አትሸፍኑለት፤ ነባር ሲሳሳት ማየት ለአዲስ ሰው መድኃኒት ነው። ስለ ወላይታ እናት ግጥም ሲነበብ «እዚህ መሀል እንሰት የፋቀ ሰው አለ?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ፣ ያቺ ልጅ ለ14 ወር የያዘችውን ቃል በዚያች ደቂቃ ታወጣው ነበር።

ዝምታው ለተመቻችሁም ቅር አይበላችሁ። ሰምታችሁ፣ ደስ ብሏችሁ፣ እንቅልፋችሁን ተኝታችሁ የምታድሩ ከሆነ ማንም አያስነሳችሁ። ቤት ገብታችሁ ጣራ እያያችሁ «ምነው ብናገር ኖሮ» የምትሉት ግን... እናንተ ከተነሳችሁ ቆይታችኋል። የቀረው እግር ነው።

እህቴ፣ የፊታችን ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እዚያ እንደምትገኚ ተስፋ አለኝ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ጻፊልኝ። እስከዚያው እኔም ወደ በረንዳዬ ልሂድ፤ ዛሬም ከጀርባችን አንድ ልጅ ቆሟል። ሦስት ሳምንቱ ነው። ስሙን እጠይቀዋለሁ።

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን!